ለማየት የሚሄዱባት ናፖሊ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ለጉዞ ያስቀመጥነው ገንዘብ የት ይዋል የሚለው ጉዳይ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ሰምተናል። አንዳንዶቻችሁ «ለሽርሽር ብር ከማፍሰስ ለችግር ቀን ይቀመጥ» አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «መሄዱስ ይሁን፤ አያቶቻችንን በመርዝ ጢስ የፈጀ አገር ሄደን ምን ልናይ ነው?» አላችሁ። ሁለቱም የሚናቅ ነገር አይደለም። ናፖሊን በእንግድነት ያየኋት እኔ ስለሆንኩ ኮሚቴው ስለ ከተማዋና ስለ አካባቢዋ እንዳስረዳ ጠይቆኛል። የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጣልያንን የሚያውቁ ሴቶች በመካከላችን ብዙ ናቸው፤ በእንግድነት የሚያውቋት ግን ጥቂት ናቸው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች ወደ ጣልያን ከተሞች ለቤት ሥራ፣ ሕፃን ለማሳደግ፣ አረጋዊ ለመጠበቅ ሄደዋል። ለቤት ሠራተኛ የተለመደው የዕረፍት ጊዜ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነበር። ከዚያ ላይ ለቤተሰብ ገንዘብ ይላካል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳማል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ ያበጠ እግር ያርፋል። ከተማዋ ለነገ ትባላለች። ሃያ ዓመት ሠርታ የከተማውን ሙዚየም ደጅ ያልረገጠች ሴት ብትገኝ የሚገርም አይደለም፤ የምታውቀው የጌቶቿን ወለልና የአውቶቡሱን ቁጥር ነው። ስለዚህ «ሽርሽር» የሚለው ቃል ሲነሣ ይህችን ሴት እያሰባችሁ አዳምጡኝ።

ናፖሊ ከሮምና ከሚላኖ ቀጥላ በነዋሪዋ ብዛት ሦስተኛዋ የጣልያን ከተማ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሰፈሩባት ግሪኮች «ኔያፖሊስ» አሏት፤ አዲስ ከተማ ማለት ነው። የእኛዋ አዲስ ከተማ መርካቶን እንደያዘች ሁሉ ይህችኛዋም ገበያዋ፣ ጩኸቷና ግፊያዋ ብዙ ነው። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በኩል 1281 ሜትር ከፍታ ያለው የቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ አለ። ተራራው ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1944 ነው፤ ዛሬም በባለሙያ ይጠበቃል።

የመጀመሪያውን ቀን ለእግራችሁ ስጡት። የድሮውን ሰፈር ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ ጠባብ መንገድ አለ፤ «ስፓካናፖሊ» ይሉታል፣ ናፖሊን የሚሰነጥቅ ማለት ነው። ግሪኮች በቀየሱት መሥመር ላይ የሚሄድ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ልብስ የተሰጣባቸው ሰገነቶች፣ ከታች ዳቦ ቤት፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት የግድግዳ መስኮት፣ ከምድር ቤት ወንበሯን አውጥታ ደጃፏ ላይ የምትቀመጥ አሮጊት። ሰው ጎረቤቱን ከፎቅ ወደ ምድር ጮኾ ይጠራል። የድሮው ሰፈር ከ1995 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቅርስ ይሁን እንጂ ሰው የሚኖርበት፣ ልጅ የሚያድግበት ነው።

በዚሁ መንገድ ላይ የሳንታ ኪያራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ነሐሴ 1943 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ከኋላው ያለው የደናግሉ ግቢ ዓምዶቹና መቀመጫዎቹ በሥዕል በተዋቡ ሸክላዎች ተለብጠዋል፤ ብርቱካንና ሎሚ ተተክሎበታል። እዚያ ቁጭ ብሎ ማረፍ ከሁሉም ጩኸት ይገላግላል። ጥቂት አለፍ ብሎ በሳንሴቬሮ ጸሎት ቤት ጁዜፔ ሳንማርቲኖ በ1753 ከእብነ በረድ የቀረጸው የክርስቶስ አስከሬን አለ። ፊቱ ላይ የተሸፈነው ድንጋይ እንደ ነጠላ የሳሳ ይመስላል፤ እጅ ሰዶ ለመግለጥ ያስመኛል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቲኬቱን ቀደም ብሎ መግዛት ያስፈልጋል።

እዚያው አጠገብ በሳን ዶሜኒኮ ማጆሬ አደባባይ ኮሪልያኖ የሚባል አሮጌ ቤተ መንግሥት ታያላችሁ። ዛሬ የ«ሎሪየንታሌ» ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሕንፃ ነው። ተቋሙ መነሻው 1732 ሲሆን አማርኛ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ከ1902 ጀምሮ በዚህ ተቋም አማርኛ ያስተማረው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን፣ ብዙዎቻችሁ «ጦቢያ» ብላችሁ የምታውቁትን መጽሐፍ በናፖሊ መምህር ሳለ በ1908 ሮም ላይ አሳተመ። ታሪኩ ወንድ መስላ መንገድ የወጣች ልጅ ታሪክ ነው። አፈወርቅ በኋላ ከጣልያን ወራሪ ጋር በማበሩ የሚወቀስ ሰው ነው፤ ይህ አይሸፈንም። ሆኖም ቋንቋችን በልብ ወለድ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመበትን ዘመን ስታስቡ፣ ናፖሊ ባዕድ ከተማ ብቻ አትሆንባችሁም።

አሁን ወደ ሆድ ነገር ልምጣ፤ ያለ እሱ ጉብኝት የለም። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ቁጭ ካላችሁ ዋጋው ይጨምራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ጉንጭ ነው። ግን አንድ ልማድ አላቸው፦ አንዱ ሰው የራሱን ቡና ጠጥቶ የሁለት ይከፍላል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ላጣ፣ ለማያውቀው ሰው ይቆያል። «ካፌ ሶስፔዞ» ይባላል፤ ተንጠልጥሎ የቆየ ቡና ማለት ነው። ከፋዩ ጠጪውን አያየውም፣ ጠጪውም ከፋዩን አያመሰግንም። እኛ በማኅበራችን «የሰጠ እጅ አይታወቅ» ብለን የምናደርገውን እነሱ በስኒ ያደርጉታል።

ፒሳውን በተመለከተ፦ በጾም ወቅት ከሆነ «ማሪናራ» በሉ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። አራት ታጥፎ በወረቀት የሚሰጠው ከሁሉም ርካሽ ነው፣ እየሄዱ ይበላል። ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር የሚሠራ ፓስታም አላቸው፤ ሥጋ ወይም አይብ እንዳልገባበት ግን ጠይቁ። የአሳማ ነገር ለማትበሉ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ «ታራሊ» የሚባለው ቁንዶ በርበሬ ያለበት ደረቅ ቂጣና «ስፎልያቴላ» የሚባለው ጣፋጭ በልማድ በአሳማ ስብ ነው የሚሠሩት። ሳትጠይቁ አትግዙ። ምግብ ቤት ቁጭ ስትሉ «ኮፔርቶ» ተብሎ በየሰው የሚታሰብ የመቀመጫ ሒሳብ አለ፤ መጭበርበር እንዳይመስላችሁ፣ ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል።

ቦርሳችሁን ከመኪናው መንገድ ተቃራኒ ባለው ትከሻችሁ ያዙ፤ በሞተር ብስክሌት ነጥቆ የሚሮጥ አለ። መንገድ ስትሻገሩ የአገሬው ሰው ሲሻገር አብራችሁ ተሻገሩ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻ መሸፈን ስለሚጠበቅ ነጠላችሁን ከቦርሳ አታውጡ። ጉልበት የሚያማችሁ እናቶች አትስጉ፤ ከተማዋ ዳገታማ ብትሆንም በሐዲድ ላይ በገመድ እየተሳበ ሽቅብ የሚያወጣ «ፉኒኮላሬ» የሚባል ባቡር አላት። በእሱ ወደ ቮሜሮ ወጥታችሁ ከሳን ማርቲኖ ገዳም ደጃፍ ከተማውን፣ ባሕሩንና ተራራውን ያለ ክፍያ ታያላችሁ።

ከተማዋን ከታችም ማየት ይቻላል። ናፖሊ የቆመችው በቀላሉ በሚፈለፈል ቢጫ ድንጋይ ላይ ነው። ሰዎች ለዘመናት ድንጋዩን እየፈለፈሉ ቤት ሠሩበት፤ ጉድጓዱ ደግሞ የውኃ ማጠራቀሚያ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ሲዘንብ ሕዝቡ እዚያ ገብቶ ያድር ነበር። ዛሬ አስጎብኚ ይዞ ይገባል፤ ጠባብ መተላለፊያ ስላለው ጭንቀት ያለባት ሴት ከላይ ብትቆይ ይሻላል።

ያ ሕዝብ በመስከረም 1943 መጨረሻ በጀርመን ጦር ላይ ተነሣ። አራት ቀን፣ ከ27 እስከ 30፣ ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ተዋግቶ ጀርመኖቹን አስወጣ። በሳኒታ ሰፈር ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ድልድይ ጀርመኖች ለማፍረስ ፈንጂ አጥምደውበት ነበር። ድልድዩን ካዳኑት አንዷ ማዳሌና ቼራዙዎሎ የምትባል የ23 ዓመት ወጣት ናት። ድልድዩ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ሰው ሁሉ ከላዩ ያልፋል፤ እናንተ ስታልፉ ግን የማን እንደሆነ አውቃችሁ እለፉ።

ሁለተኛው ቀን የፖምፔይ ነው። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ሥር ከጋሪባልዲ «ቺርኩምቬዙቪያና» የሚባለውን የሶሬንቶ ባቡር ይዛችሁ «ፖምፔይ ስካቪ» ላይ ትወርዳላችሁ። ባቡሩ ይጨናነቃል። ከተማው ሰፊ፣ ጥላው ጥቂት ነው፤ ውኃ፣ ባርኔጣና ዝቅ ያለ ጫማ ያዙ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና የቅርስ ቦታዎች በነጻ ይከፈታሉ፤ ገንዘብ ያድናል፣ ሰው ግን ይበዛል።

ታሪኩን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪዮ ፈነዳ፤ ከተማው በአመድና በድንጋይ ተቀበረ። አመዱ ሲጠነክር የሞቱት ሰዎች ሥጋ በስብሶ ቅርጻቸው ባዶ ሆኖ ቀረ። በ1863 ጁዜፔ ፊዮሬሊ በዚያ ባዶ ውስጥ ጄሶ እንዲፈስ አደረገ፤ ሲጠነክር ሰዎቹ በሞቱበት አኳኋን ወጡ። ፊቱን የሸፈነ አለ፣ የተኮራመተ አለ። ብዙ ጎብኚ ይህን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እኔ ግን አሟሟታቸውን ከማየት ይልቅ አኗኗራቸውን እንድታዩ እለምናችኋለሁ፤ በተለይ የሴቶቹን።

በአደባባዩ ላይ ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች አንዱን ያሠራችው ኤውማኪያ የምትባል የሃይማኖት አገልጋይ የነበረች ሴት ናት። የልብስ አጣቢዎች ማኅበር ሐውልት አቁሞላታል፤ ዋናው ሐውልት ናፖሊ ባለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛል። ዩሊያ ፌሊክስ የምትባል ሌላ ሴት መታጠቢያ ቤቷን፣ ሱቆቿንና ከላይ ያሉትን ክፍሎች ለአምስት ዓመት እንደምታከራይ ግድግዳ ላይ አስጽፋለች፤ የኪራይ ማስታወቂያ መሆኑ ነው። ኔቮሌያ ቲኬ ባሪያ ሆና ኖራ ነጻ የወጣች ሴት ናት፤ ለራሷና ለባሏ ያሠራችው መቃብር ከከተማው በር ውጭ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሱፍ የሚፈትሉ ሴቶች ስምና ለየአንዳንዳቸው የተመዘነው ሱፍ ልክ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም፤ ሆኖም «እገሌን ምረጡ» የሚል የምርጫ ጽሑፍ በስማቸው አጽፈዋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሴት ሒሳብ ትይዝ፣ ታከራይ፣ ትፈትል፣ በከተማዋ ጉዳይ አፏን ትከፍት ነበር። የእኛን የቁጠባ ደብተር ያየች ሴት ይህን ስታነብ ዘመድ ያገኘች ይመስላታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በዚያው ባቡር «ኤርኮላኖ ስካቪ» ውረዱ። ኤርኮላኖ ከፖምፔይ ታንሳለች፤ ግማሽ ቀን ይበቃታል፣ ለጉልበትም ትመቻለች። ከቬሱቪዮ የወረደው ትኩስ ነገር እንጨቱን ስላከሰለው የበር መቃን፣ አልጋ፣ የሕፃን መወዛወዣ ሳይቀር ተርፏል። በጥንቱ ባሕር ዳር በነበሩት የጀልባ ማቆያዎች የሦስት መቶ ያህል ሰዎች አጥንት ተገኝቷል፤ ባሕር ያድነናል ብለው የጠበቁ ናቸው። እዚያ ሲደርስ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ከሰዓት በኋላ ብዙ ጎብኚ ወደማይሄድበት እወስዳችኋለሁ። ከጋሪባልዲ በሁለተኛው መሥመር ሜትሮ ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ «ካምፒ ፍሌግሬይ» ጣቢያ ውረዱ። ሰፈሩ ፉዎሪግሮታ ይባላል፤ የማራዶና ስታዲየም ያለበት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር ራሱ እሳተ ገሞራ ነው፤ የፖዙዎሊ ከተማ መሬት ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ትንንሽ መንቀጥቀጥም አይጠፋም፤ ስለዚህ ብትሰሙት አትደንግጡ። በፉዎሪግሮታ «ሞስትራ ዶልትሬማሬ» የሚባል ሰፊ የትርኢት ግቢ አለ። የባሕር ማዶ ትርኢት ማለት ነው። የፋሺስት መንግሥት በግንቦት 1940 ቅኝ ግዛቶቹን ለሕዝቡ ለማሳየት የከፈተው ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ የጎንደሩን የአፄ ፋሲለደስ መዋኛ አስመስለው ሠሩ። ጥምቀት የሚከበርበትን፣ ዛፎቹ ሥራቸውን በግንብ ላይ የዘረጉበትን፣ እናንተ የምታውቁትን። ቅጂው እስከ ዛሬ አለ።

ሕንፃ ብቻ አልነበረም የሚታየው። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ሰዎች አመጡ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። በግቢው በተሠራ መንደር ውስጥ ተቀምጠው ጎብኚው እንዲያያቸው ተደረገ። ከከተማው ሰው ጋር እንዳይቀላቀሉም ይጠበቁ ነበር። በሰኔ ወር ጣልያን ጦርነት ስትገባ ትርኢቱ ተዘጋ፤ የመጡት ሰዎች ግን ወደ አገራቸው መመለሻ አጡ። ዓመታት ቆይተው ወደ ሰሜን፣ በማርኬ አውራጃ ወዳለች ትሬያ ወደምትባል ከተማ ተወሰዱ። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ በ1943 አምልጠው ተራራ ላይ ከነበሩት የጣልያን አርበኞች ጋር ሆነው ፋሺስቶችንና ጀርመኖችን ወጉ። ለመታየት የመጣ ሰው ጠመንጃ አንሥቶ ተዋጊ ሆነ። ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት አልተማርነውም።

ግቢው ዐውደ ርእይና ዝግጅት የሚደረግበት ስለሆነ የፋሲለደሱ ቅጂ ለጎብኚ መከፈት አለመከፈቱን ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተከፈተ ግን ከነነጠላችን እንሂድ፤ ሻማ ይዘንም ቢሆን።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ቅሬታዎች ልመለስ። «የወጋን አገር ሄደን ምን ልናይ ነው?» ላላችሁት፦ በ1935 ወደ እኛ የዘመተው ጦር በመርከብ ከተጫነባቸው ወደቦች አንዱ ናፖሊ ነው። ይህ እውነት ነው። ወደቡ ላይ ቆማችሁ ልታስቡት ትችላላችሁ፤ ማሰቡም ይገባል። ነገር ግን ጥፋቱን የሚያስታውሰው ድንጋይ፣ በዚያ የተንገላቱት ወገኖቻችን የረገጡት ምድር ያለው እዚያ ነው። እኛ ካልሄድን ማን ይጠይቃቸዋል? ለቅሶ እኮ የሚደረሰው ለወዳጅ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሞተው የእኛ ሰው ከሆነ የቤቱን ባለቤት አናይም። ደግሞም ከወራሪው መንግሥት ሌላ የድልድዩ ልጅና የተንጠልጣዩ ቡና ሕዝብም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በዓይን ሲታይ ነው።

«ለችግር ቀን ይቀመጥ» ላላችሁት፦ የችግር ሣጥናችንን ማንም አይነካውም፤ ይህ ገንዘብ ለጉዞ ተብሎ ተለይቶ የተጠራቀመ ነው። ወጪውንም ማሳነስ ይቻላል። ነሐሴን እንተው፤ ሙቀቱም ዋጋውም ከባድ ነው። የወሩን የመጀመሪያ እሑድ የሚያካትት ሦስት ሌሊት እንምረጥ። በየክፍሉ ሦስት ሦስት ሆነን እንደር፤ ቁርሳችንን ከገበያ እንግዛ፤ በባቡርና በእግር እንሂድ። መክፈል ለማይችሉ አባላት ሌሎቻችን ጥቂት ጥቂት እንጨምር፤ ማን ለማን እንደከፈለ በደብተር አይጻፍ። እንደ ናፖሊ ቡና ይሁን።

ያቺን የሐሙስ ከሰዓቷን ሴት አትርሱብኝ። የሰው ቤት ስትወለውል የኖረች ሴት የሰው አገር ስትገባ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጣት፣ «ምን ልታዘዝ?» የሚላት አንድ ጊዜ እንኳ ሊኖር ይገባል። ይህ ቅንጦት አይመስለኝም። አያቶቻችን ለትርኢት ተወስደው ታይተዋል፤ እናቶቻችን ሠርተው ሳያዩ ተመልሰዋል። የማየቱ ተራ የእኛ ነው።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ጥያቄ ያላት እጇን ታንሣ።